መጨረሻ ላይ ማን ነካት?

የልጅነቴ መካኒክ ጋሼ የካምቢዮ ዘይት የሚመረምሩት በዓይናቸው ብቻ አልነበረም። ሞተሩ በደንብ ሞቆ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ እንዳለ ኮፈኑን ያስከፍታሉ። ከደረት ኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው የዘይቱን መለኪያ ይመዙና ይጠርጉታል፤ መልሰው ከትተው እንደገና ይመዙታል። ጠብታዋን ጨርቁ ላይ አሳርፈው ወደ ፀሐይ ያዞሯታል። ቀይ ከሆነች ዝም ይላሉ። ከጠቆረች ወደ አፍንጫቸው ያስጠጓታል። «ሽሮ ሲያር ሸትቶህ ያውቃል?» ይሉኛል፣ የአስር ዓመቱን ልጅ። «ይኸውልህ፣ እሱው ነው።» ኦቶማቲክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም የሚል ሰው ሲገጥማቸው ይስቁ ነበር። የሌለው የእግሩ ነው፤ ሆዱ ውስጥ በዘይት ግፊት የሚያዙ የሸራ ሳህኖች ተደርድረዋል። ጥቁረቱ የነዚያ ሸራዎች ብናኝ፣ ሽታውም የነሱ ማረር ነው። ዘይቱ ሮዝ ሆኖ ወተት ከመሰለ ግን ፊታቸው ይለወጣል፤ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ እያለፈ ስለሆነ፣ ያ መተላለፊያ ተሰንጥቆ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ዛሬ ወጣቱ መካኒክ ኮፈን አያስከፍትም። ከመሪው በታች ጎንበስ ብሎ ሶኬቷን ይፈልጋል፣ ገመዱን ይሰካል፣ ታብሌቱን ያያል። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአገሯ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲኖረው በሕግ ካስገደደች ወዲህ፣ መኪና ሕመሟን በኮድ ትናገራለች። ፒ0700 ከመጣ ካምቢዮው አካባቢ ችግር አለ ማለት ነው፤ ዝርዝሩ በሌላ ኮድ ይከተላል። ሁሉም በሁለት ደቂቃ ያልቃል። የልጁ እጅ አይቆሽሽም፤ አፍንጫውም ሥራ ፈቷል። የ«ኮምፒውተር» ተብሎ ለብቻው ይከፈላል።

ጋሼ ዘይቱን ካዩ በኋላ ከሾፌሩ ጎን ቁጭ ይሉና ሰዓታቸውን ከእጃቸው ይፈታሉ። ማርሹን ከኤን ወደ ዲ አስገቡት ይላሉ። ያቺ ትንሽ ንቅናቄ እስክትሰማ ይቆጥራሉ። በቶዮታ መጽሐፍ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ሲሆን ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ከዘገየ የዘይቱ ግፊት ደክሟል ወይም ሸራው ተበልቷል። ቀጥሎ ትልቁ ፈተና ይመጣል። አራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረጋል፣ ፍሬን እስከ መጨረሻው ይረገጣል፣ ዲ ላይ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ይሰጣል። ከአምስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ዘይቱ ስለሚቃጠል «በቃ!» የሚለው ድምፃቸው ጋራዡን ያናውጠው ነበር። ሞተሩ ከተወሰነለት ዙር በላይ ከጮኸ፣ ውስጥ የሚንሸራተት ነገር አለ። ከዚያ በታች ከቀረ ግን አይደነግጡም። «መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ እኛ 2,400 ሜትር ላይ ነን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥያቄ ነበራቸው። ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበረች፤ «መጨረሻ ላይ ማን ነካት?»

አሁን ጥያቄም መለኪያም እየቀሩ ነው። ብዙ አዳዲስ ካምቢዮዎች የዘይት መለኪያ የላቸውም። ዘይቱ «የዕድሜ ልክ» ነው ይባላል፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይነገርም። መጠኑን ለማየት መኪናዋን ማንሳት፣ የዘይቱን ሙቀት መለካት፣ ከሥር ቡሎን መፍታት ያስፈልጋል። ለማሽተት የሚጓጓ ሰው መኪናው ሥር መተኛት አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ጎረቤቴ የያዛት መኪና ጭራሽ ማርሽ አትለውጥም። ያላት አንድ ማርሽ ብቻ ስለሆነ ሦስተኛው አልገባም ብሎ የሚጨነቅ የለም። ጋሼ ቢያዩዋት ምን እንደሚያዳምጡ ግራ ይገባቸው ነበር። እኛ የቤንዚን መኪና ያለን ግን አዲስ ስለማናገኝ፣ ያረጁትን ይበልጥ እያስረጀናቸው ነው። የአፍንጫ ሙያ ያስፈለገው ባለሙያው ካለቀ በኋላ ነው።

ጋሼን ሳስታውስ ግን አንዲቱን ነገር መዝለል አልችልም። የአባቴ ኮሮላ ባለሦስት ማርሽ ኦቶማቲክ ነበረች፤ ካርቡሬተር ያላት፣ ኮምፒውተር የሌላት። አንድ ሰሞን ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ባለችበት ትንፏቀቃለች። ጋሼ ዘይቱን አዩ፤ ቀይ ነበር። አሸተቱ፤ አላረረም። አፍንጫቸውን ያላመኑት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። «ከውስጥ ነው፤ ሸራው ተበልቷል፤ ይውረድ» አሉ። ካምቢዮው ወረደ። ሦስት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከረመ። ሸራዎቹ ደህና ነበሩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ ነው። ተገጥሞ ሲሞከር ያው ጩኸት። በመጨረሻ ረዳታቸው ከካርቡሬተሩ ወደ ካምቢዮው የምትወርደውን ቀጭን ገመድ በጣቱ ነካ አደረጋት፤ ረግባ ተንጠልጥላለች። ሾፌሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደሰጠ ለካምቢዮው የምትነግረው እሷ ናት። ስትረግብ ካምቢዮው ቀስ ብለን የምንሄድ ይመስለዋል፤ የዘይቱን ግፊት ይቀንሳል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የተፈቀደላት ልቅነት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ካርቡሬተሩን ፈትተው ያጸዱት ጋሼ ራሳቸው ነበሩ። አጠገባቸው ቆሜ መብራት የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «መጨረሻ ላይ ማን ነካት?» የሚለውን ያን ጊዜ አልጠየቁም፤ እኔም «እርስዎ» አላልኩም። ታላቅ ሰው ተሳሳተ ብሎ የሚናገር ልጅ በኛ ሰፈር አልተወለደም ነበር። ሁለቱን ቡሎን አጥብቀው፣ እጃቸውን በዚያ ነጭ ጨርቅ ጠርገው ለአባቴ «ትንሽ ነካ ነካ አደረግኋት፤ አሁን ደህና ናት» አሏቸው። አባቴ የሦስቱን ሳምንት የእጅ ዋጋ ከፍለው፣ አመስግነው፣ መርቀው ወጡ።

ባለፈው ክረምት የራሴ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ማርሽ መለወጥ እንቢ አለች። ወጣቱ ሶኬቱን ሰካና ፒ0753 አነበበ። ማርሽ ከሚለውጡት ሶሌኖይዶች የአንደኛው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። «ካምቢዮው ይቀየር፤ ሶማሌ ተራ የተፈታ አለ» አለኝ። የጋሼ ደቀ መዝሙር መሆኔ ተሰማኝ። ኮዱ የሚያመውን ቦታ እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፣ መጀመሪያ ለካው አልኩት፤ ድምፄም ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር። ልጁ አልተከፋም፤ ቴስተር አመጣ። የዚህ ዓይነት ሶሌኖይድ ሲቀዘቅዝ ከ11 እስከ 15 ኦም ማሳየት አለበት፤ 13 አሳየ። ደህና ነው። ወደ ሽቦው መጋጠሚያ ተመልሶ ሲነቅለው ውኃ ጠብ አለ። በአየር ነፍቶ አደረቀው፣ ኮዱን አጠፋው። መኪናዋ ሄደች።

ልክ ነበርኩ፤ ደረቴን ልነፋ ስዘጋጅ ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ በሱ ዕድሜ ከቶ የማልደፍረውን፣ ፈገግ እያለ ጠየቀኝ፤

«ጋሼ፣ በቅርቡ ላቫጆ ወስደው ሞተሯን አሳጥበው ነበር እንዴ?»

ቅዳሜ አሳጥቤያለሁ። በዚያ ኃይለኛ ውኃ፣ «እዚያም ሥሩ ድረስ!» እያልኩ፣ ቆሜ ነው ያሳጠብኳት።

«እ... ትንሽ ነካ ነካ አድርገዋት ይሆናል» አልኩት።