«ጉንፋን ነው፣ ተነስ» ያልነው ወንድማችን



ባለፈው ሴሚስተር ለኢሚዩኖሎጂ ሚድ ፈተና አምስት ቀን ሲቀረን አንዱ የዶርም ጓደኛችን ታመመ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት ያዘው። እኛ «ጉንፋን ነው፣ ተነስ» ብለነው ወደ ላይብረሪ ሄድን። በሁለተኛው ቀን ማታ ስንመለስ ምሳም እራትም አልበላም። ደንግጠን ከመካከላችን አንዱ ካለፈው ሕመሙ የተረፈችውን ጥቂት ፍሬ አሞክሳሲሊን ሰጠው።

ከዚያ ደብተራችንን ስንገልጥ አፈርን። ሁለት ቀን ሙሉ ስንሸመድደው የነበረው ነገር አልጋው ላይ በተኛው ወንድማችን ሰውነት ውስጥ እየተካሄደ ነበር።

ቫይረስ ሴል ውስጥ ሲገባ ሴሉን ለራሱ መራቢያ ያደርገዋል። የተጠቃው ሴል ግን ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር አመንጭቶ ጎረቤቶቹን ያስጠነቅቃል። ትኩሳቱና ቁርጥማቱ በአብዛኛው የሚመጡት ሰውነት ራሱ ከሚያሰማው ከዚህ የመጀመሪያ ጥሪ ነው። ቀጥሎ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎች የቫይረሱን ስብርባሪ ይዘው በአቅራቢያቸው ወዳለ የሊምፍ ዕጢ ይሄዳሉ። የሚፈልጉት ያንን ቫይረስ ለይቶ የሚያውቅ ቲ ሴል ነው።

እንዲህ ያለው ሴል ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ100,000 ምናልባትም ከ1 ሚሊዮን ቲ ሴሎች አንዱ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሲገኝ መጀመሪያ መብዛት አለበት። ለመነሣት አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ በአይጦች ላይ እንደታየው በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ለሁለት ይከፈላል። በቀን 3 ጊዜ የሚከፈል አንድ ሴል በ5 ቀን ውስጥ ከ32,000 በላይ ይሆናል። ቢ ሴሎችም በበኩላቸው ተባዝተው አንቲቦዲ ያመርታሉ። ሲታመም አንገታችን ሥር የምንዳብሰው ንፍፊት ይህ ሁሉ ሥራ የሚካሄድበት ቦታ ነው።

«ተነስ» ያልነው ወንድማችን እንግዲህ ሰንፎ አልተኛም። ሰውነቱ ቀን ያስፈልገው ነበር። የሰጠነው አሞክሳሲሊንም ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ ያለ አስፈላጊነቱ ሲወሰድ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበዙ ያደርጋል። ይህን ለፈተና ብንጠየቅ ሁላችንም እንመልሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ መርምሮት የቫይረስ ሕመም መሆኑን ነገረን። መድኃኒቱን አስቁሞ ዕረፍትና ብዙ ፈሳሽ አዘዘለት፤ ትንፋሽ ካጠረው ቶሎ እንድንመልሰው አስጠነቀቀን። ማግስቱ ጁሙዓ ነበር። «ሶፍ መሃል ቆሜ እያሳልኩ ሌላውን አላስይዝም» ብሎ ቀረ። በሽታ ዑዝር መሆኑን ቢያውቅም ፊቱ ላይ ቅሬታው ይታይ ነበር። ከሶላት መልስ ሾርባ ይዘንለት ገባን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ተራ ገብተን አብረነው አጠናን።

ቫይረሱ ከተወገደ በኋላ ከበዙት ቲ ሴሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። የቀሩት ጥቂቶች ያንን ቫይረስ እንዳስታወሱ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1846 ኩፍኝ የፋሮ ደሴቶችን ሲያጥለቀልቅ ፒተር ፓኑም የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ፤ በ1781 በዚያው በሽታ ተይዘው የነበሩ ሽማግሌዎች ከ65 ዓመት በኋላ አልታመሙም። ሱብሐነላህ!

ምእመናንን በአንድ አካል የሚመስለውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ክፍል ሲታመም ሌላው በትኩሳትና በእንቅልፍ ማጣት እንደሚጋራው በየመድረኩ እንናገራለን። እኛ ግን ወንድማችን በትኩሳት ሲቃጠል ሁለት ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝተናል።

አልሐምዱሊላህ ድኗል፤ ፈተናውንም አብሮን ተፈተነ። አሁን ሰው ሲታመም «ጉንፋን ነው» ከማለታችን በፊት «በልተሃል?» ብለን እንጠይቃለን። እናንተም ዶርማችሁ ውስጥ የተኛ ሰው ካለ ዛሬ ከላይብረሪ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ተመለሱ።