ፈቃድ

ልጄ አዲስ አበባ፣ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው። ወሬዋን የምትልክልኝ በቴሌግራም ነው። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ወር ውስጥ አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ፣ ሴቻ ካለው ቤቴ በረንዳ ቁጭ ብዬ ቁልቁል አባያን እያየሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የመጣው የፒያኖ ሙዚቃ ነበር። ከሥሩ «አባዬ፣ እማሆይ አረፉ። ይቺን ስማት» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም።

ሰማኋት። ፀሐይዋ ከኋላዬ በጋሞ ተራሮች በኩል ልትገባ ነው፤ አባያም እንደ ልማዱ ጭቃ መስሎ ቀላ ብሏል። ሙዚቃውን ትዝታ ነው ልል ስል ሾፓን ይሆንብኛል፤ ሾፓን ነው ስል ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ዜማ ይመስለኛል። ጣቶቹ አይቸኩሉም፤ እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ቆም እያሉ ይቀጥላሉ።

አንባቢዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ስለ ሴት ደራስያን ባነሳሁ ቁጥር ስንዱ ገብሩን ሳልጠራ አላልፍም ነበር። «የልቤ መጽሐፍ»ን የጻፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ በመመረጥ ከሴቶች የመጀመሪያዋ የሆኑ እያልኩ በኩራት እተነትናለሁ። ታናሽ እህታቸው የሙዚቃ ደራሲ መሆናቸውን ግን ለአንድ ተማሪ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ለእኔ ደራሲ ማለት ብዕር የያዘ ብቻ ነበር።

እስቲ አሁን እንኳ ልንገራችሁ። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አደርጋቸዋለሁ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር በ1923 አዲስ አበባ ተወለደች። በስድስት ዓመቷ ከእህቷ ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ ተላከች፤ ቫዮሊንና ፒያኖም እዚያ ጀመረች። በ1933 አገሯ ገባች። ጣሊያን መጣና በ1937 ቤተሰቡን አሲናራ ወደምትባል ደሴት አጋዘው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄዳ፣ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ተማረች፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ትለማመድ ነበር ይባላል።

ከዚያ ለንደን፣ ሮያል አካዳሚ ገብታ እንድትማር ዕድል አገኘች። መሄጃው ፈቃድ ግን ከአገር ቤት ተከለከለ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው፦ «አይሆንም» ተባለች። ምግብ እምቢ ብላ ታመመች። ከሕመሟ ስትነሳ ሙዚቃውን ትታ ግሸን ማርያም ገባች፤ መነኮሰች፤ ጽጌ ማርያም ተባለች። አሥር ዓመት ግድም በባዶ እግር፣ በጭቃ ቤት፣ ያለ ፒያኖ።

ወደ ፒያኖው የተመለሱት ከገዳሙ ከወረዱ በኋላ ነው። ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ መጠለያ አጥተው ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው አዘኑ። የምሰጣቸው ገንዘብ የለኝም፣ ሙዚቃ ግን አለኝ አሉ። የመጀመሪያው ሸክላ በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች ሆነ። በ1984 ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ሄዱ። ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ 21ኛ ቅጹን የእሳቸው ካደረገ ከ2006 ወዲህ ነው። ያኔ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ አንድ ክፉ ልማድ አለን። «አየህ የእግዜርን ሥራ! ባይከለከሉ ኖሮ ይህ ዜማ ከየት ይመጣ ነበር?» እንላለን። ለከልካዩ የተመቸች ፍልስፍና ናት። የእማሆይ ጽናት ለከለከላቸው ሰው ምስጋና ይሆናል። ያለ ፒያኖ ባለፉት ዓመታት ሊወለድ ይችል የነበረውን ዜማ ግን ማን ቆጠረው?

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በ1819 ላይፕዚግ የተወለደችው ክላራ ሹማን በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ሜንደልሶን ኦርኬስትራውን እየመራላት፣ ራሷ የደረሰችውን የፒያኖ ኮንቼርቶ ተጫወተች። ሃያ ዓመት ሲሆናት ግን ሴት ልጅ ሙዚቃ ለመድረስ መመኘት የለባትም ብላ በማስታወሻዋ ጻፈች። ስምንት ልጆች ወለደች፤ ባሏ ሮበርት በ1856 ከሞተ በኋላ የእሱን ሥራ በየአገሩ እየዞረች ስትጫወት፣ የራሷን መድረስ ተወች ማለት ይቻላል። በኋላ ጀርመኖች ምስሏን መቶ ማርክ ላይ አተሙት። እሷን ማንም በር ላይ ቆሞ አልከለከላትም። ከልካዩ ውስጧ ገብቶ ነበር።

እዚህ ጋሞ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ጋቢው ሲያምር የምናመሰግነው ሸማኔውን ነው። «ይህን ክር የፈተለችው ማን ናት?» ብሎ የጠየቀ ገዢ አላየሁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ የዞርኩት ለዚሁ ነው። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ለመዘምራን ኪቦርድ የምትመታ ልጅ ናት። «ሙዚቃ በትርፍ ጊዜ ነው የኔ ልጅ፤ መጀመሪያ እንጀራሽን» አልኳት። አልጮህኩም፣ አልተቆጣሁም። ጠዋት ስለ ጥበብ ነጻነት ሳስተምር ውዬ ነው ማታ እንዲህ ያልኳት። እሷም አልተከራከረችም። አካውንቲንግ ተማረች። ለብዙ ዓመት ነገሩ በሰላም ያለቀ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ያን ማታ ሙዚቃው ሲያልቅ ደወልኩላት።

«ሰማኋት» አልኳት።

«እንዴት ናት?»

«ጥፋተኛ ነኝ የኔ ልጅ።»

ዝም አለች። ቀጥላም በደመወዟ ትንሽ ኪቦርድ መግዛቷን፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ማታ ማታ በጆሮ ማዳመጫ እንደምትጫወት ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እኔ አላውቅም ነበር። የምትጫወተውም ከራሷ ነው።

«እስቲ ትንሽ አሰሚኝ» አልኳት።

«ዛሬ ደክሞኛል አባዬ። ሌላ ቀን» አለችኝ።

አሁን ፈቃድ ጠያቂው እኔ ነኝ። እየጠበቅኩ ነው።