በእንጅባራ ሜዳ

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንደሚከበር አንባቢ ሳያውቅ አይቀርም። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በ1888 ዓ.ም. አባቶቻችንን ተሸክመው ዐድዋ ለዘመቱት ፈረሶች ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን ነው።

እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስሁ ወዲህ ዳንግላ መዝገብ ቤት ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ፤ ግልቢያ የማውቀው በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ በለመድሁት መጠን ነው። ዳሩ ግን በ2011 ዓ.ም. አባቴ ጕልበታቸውን ስለ ታመሙ ዳማውን ፈረስ ለእኔ ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ እርሱ ራሱ ያውቃል፤ አለንጋ አታሳየው» ብለው አሰናበቱኝ።

ማጣሪያውን ያለ አለንጋ አለፍን። ለመጨረሻው ግልቢያ ስንሰለፍ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አንዱ፣ «ለክፉ ቀን ይሁንህ» ብሎ አለንጋ አቀበለኝ። ተቀበልሁት፤ ለምን እንደ ተቀበልሁት ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ምልክቱ ሲሰጥ ዳማው አንገቱን ዘርግቶ ወጣ። ከሜዳው እኩሌታ በላይ ስናልፍ የቀደመን አልነበረም። በዚህ ጊዜ በግራዬ የአንድ ቦራ ፈረስ ትንፋሽ ሰማሁ። ሕዝቡ ይጮኻል። እጄ ከአሳቤ ቀድሞ ተነሣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ መታሁት። ዳማው ደንግጦ ወደ ቀኝ ሸሸ፤ በልጓም እስካቀናው ድረስ ሁለት ፈረሶች አለፉን። ሦስተኛ ወጣን።

በማግስቱ ቤት ስንደርስ አባቴ ስንተኛ እንደ ወጣሁ አልጠየቁኝም። ኮርቻውን በገዛ እጃቸው አውርደው ገላውን ይዳብሱ ጀመር፤ ታፋው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ውሃ አምጣለት» አሉኝ።