ቤት ፈርሶ ጉድባ ሲቀር

«ያ መስኩ ላይ የምታየው እኮ ሞት ነው» አሉኝ ሽማግሌው። ክው አልኩ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው በእንግሊዝ አገር፣ ሰፎክ በተባለው የገጠር አውራጃ ሲሆን፣ ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መርዳት ነው። አውቶቡስ ከምጠብቅበት ፌርማታ ፊት ለፊት አራት ማዕዘን የሆነ ጉድባ አለ። መሀሉ ባዶ ሣር ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ጉድባው ውሃ ይቋጥራል። ለከብት የተቆፈረ ይመስለኝ ነበር። ለካ «ሞት» በእንግሊዝኛ ቤት ዙሪያ የሚቆፈር የውሃ ጉድባ ነው!

ሽማግሌው ካጫወቱኝ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ። በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ግቢ ከ5,000 በላይ ተመዝግቧል። የሰፎክና የኤሴክስ ጭቃማ መሬት ውሃ ስለሚይዝ እዚያ በብዛት ይገኛል። አብዛኞቹ የተቆፈሩት እ.ኤ.አ. በ1250 እና በ1350 መካከል ነው። ብዙዎቹን ያስቆፈሩት ነገሥታት ሳይሆኑ የመንደር ባለርስቶችና ደህና ኑሮ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ጉድባው ሌባና አውሬ ይመልሳል፣ ዓሣም ይረባበታል፤ ከሁሉ በላይ ግን «እዚህ ሰው አለ» የሚያሰኝ ክብር ነበር። ኬንት ውስጥ እንደሚገኘው እንደ አይተም ሞት ያሉ ጥቂቶች ቤታቸው እስከ ዛሬ ቆሟል። የብዙዎቹ የእንጨት ቤት ግን በስብሶ ጠፋ፤ ጉድባው ቀረ። ብዙዎቹን ሕግ ስለሚጠብቃቸው ያለ ፈቃድ መድፈን ያስቀጣል።

ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። ከሳምንት በፊት እትዬ ከመንዝ ደውላ፣ «የአባባ ቤት ወና ከሆነ ቆየ፤ ጎረቤታችን ድንጋዩን ለበረት ልውሰደው ይላል፤ ምን ልበለው?» ብላኝ ነበር። እኔም «የፈረሰ ድንጋይ ምን ያደርግልናል? ይውሰደው» አልኳት። እነዚህ ሰዎች ማን እንደኖረበት የማያውቁትን የሰባት መቶ ዓመት ጉድባ በሕግ ሲጠብቁ፣ እኔ የተወለድኩበትን ካብ በስልክ ሰጠሁ።

ያን ማታ ደወልኩላት። ግማሹ ተነሥቷል። «የመግቢያው በኩልና የምድጃው ቦታ ግን አልተነካም» አለችኝ።

«እባክሽ እትዬ፣ እሱን እንኳ አታስነኪ» አልኳት። ጎረቤታችንም ቅር ሳይለው እሺ ብሏል።

እናንተስ ወገኖቼ፣ የወላጆቻችሁ ግቢ እንዴት ሆኗል? ሳይረፍድ ደውላችሁ ጠይቁ።

ቸር ያሰማን።