ከዝዋይ ዳር ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፤

 

በስልክ ስናወራ፣ ስዊድን ሐይቁ በረዶ ሠርቶ ዳክዬዎቹ እንደጠፉብሽ ነገርሽኝ። ከዚያ ወዲህ ዝዋይ ሐይቅ ዳር በወረድኩ ቁጥር፣ ምነው ዳክዬዎቹን እዚህ መጥተሽ ባየሻቸው እላለሁ።

ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ የሚመጡት የዱር ዳክዬዎች ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምረው ወደኛ ይገባሉ፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይበዛሉ። ላባቸው ብርድ አያስገባም፤ ከአገራቸው የሚያስነሳቸው ረሃብ ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ዘሩም ትላትሉም ከሥር ይቆለፍባቸዋል። አብዛኛውን መንገድ የሚበሩት በሌሊት ነው።

እዚህ ሲደርሱ ሁሉም እንደ አፈጣጠሩ ይሠማራል። አንገተ ረጅሙ፣ ጅራተ ሹሉ ዳክዬ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ዘቅዝቆ ከጭቃው ዘር ይለቅማል። ምንቃሩ ጫፉ ላይ የሰፋው ደግሞ ውሃውን ያጠልላል፤ በምንቃሩ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ የተሰደረው ደቃቃ ጥርስ ምግቡን ያስቀርለታል።

ከሁሉ የሚደንቀኝን ልንገርሽ። ብዙዎቹ የሚጣመሩት ጎጆ የሚሠሩበት አገር ሳይደርሱ፣ ገና በእንግድነት ሳሉ ነው። ወንዱ ላባው አምሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሴቷን ይለማመጣል። ከተስማሙ እሷ ወደ ተወለደችበት ትመለሳለች፤ እሱም አይቶት ወደማያውቀው አገር ይከተላታል። አንቺም ባልሽን ተከትለሽ ነው የሄድሽው፤ ጥንድ ሆነው ሲዋኙ ሳይ ሁለታችሁን እመርቃለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ውሃው ነው። ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል አብያታ ሐይቅን ይመግባል። ለመስኖ ከላይ ሲቀዳ፣ ለሶዳ አሽ ደግሞ ከራሱ ከአብያታ ሲሳብ፣ አብያታ ከዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። እናንተ ዘንድ ጎጇቸው ቢጠበቅ፣ እዚህ የሚያርፉበት ከደረቀ ምን ይጠቅማቸዋል? እኛም ሐይቃችንን ብንጠብቅ፣ እዚያ የሚፈለፍሉበት ረግረግ ከታረሰ ማን ይመጣልናል?

እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር የውሃ ወፎች በብዙ አገሮች ይቆጠራሉ። ያን ጊዜ እኛ ጋ ጥምቀት ነው። ልጆቹን ይዘሽ ነይና አብረን እንቁጠር። መጋቢት ካለፈ አብዛኞቹ ተነሥተዋል፤ ስለዚህ ፈቃድሽን ከአሁኑ ጠይቂ።

እመቤቴ ማርያም ትጠብቅሽ።

የሚወድሽ አባትሽ