ማሞ ወልዴና የእኛ ቅጽ

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው አራት ሆነን ነው። አንድ መኝታ ክፍል እንጋራለን። አንዱ ብዕር ይይዛል፣ ሦስቱ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያርማሉ። «እኛ» ስንል ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ በቁጥር ነው።

ነገሩ የተጀመረው የትምህርት መስክ ምደባው በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ነው። ከአራታችን ሦስታችን በአንደኛ ምርጫ የሞላነው ሰውነት ማጎልመሻ ነበር። የደረሰን ግን ሒሳብ ሆነ። አራተኛው አማርኛ ሞልቶ አማርኛ ደርሶታልና በዚህ ጉዳይ ብዙ ድምፅ የለውም፤ ብዕሩን እንዲይዝ ያደረግነውም ስለዚሁ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የተቃጠለው የዳንግላው ጓደኛችን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር 800 ሜትር ይሮጥ ነበር። በትምህርት ቤቶች ውድድር ስንተኛ ወጣህ ሲባል «ስምንተኛ» ይላል። ስንት ነበራችሁ ሲባል ደግሞ «ስምንት» ይላል። ቢሆንም ሩጫን ከልቡ ይወዳል፤ «ሒሳብ ከማስተምር ወደ ቤቴ ተመልሼ ድንች ብቆፍር ይሻለኛል» ብሎ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ቀልድ መስሎን ስቀናል። ማታ ግን ሻንጣው እንደ ታሰረ አየንና ሳቃችን ቆመ።

በማግስቱ የመስክ ለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ሦስት ወሰድን። እስከ ዓርብ ይመለስ ተባለ። የድጋፍ ፊርማ ፍለጋም ወደ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሄድን። እሳቸው ቅጹን አዩት፣ አጥፈው መለሱልን፣ ከዚያም ምንም የማይገናኝ የሚመስል ወሬ ጀመሩ።

በእንግሊዝ አገር ራግቢ የሚባል ጨዋታ አለ አሉ። እንቁላል በሚመስል ኳስ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። በ1887 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው) ጨዋታው ለሁለት ተከፈለ። ጠቡ የመጣው ሥራ ትተው ለሚጫወቱ ወዛደሮች የቀረባቸው ደሞዝ ይከፈል ወይስ አይከፈል በሚል ነው። አንደኛው ወገን በ15 ሰው፣ ሌላው ውሎ አድሮ በ13 ሰው የሚጫወት ሆነ። ከ15ቱ ወገን ወጥቶ ገንዘብ ወደሚከፈልበት የተሻገረ ተጫዋች ዳግመኛ እንዳይመለስ በሩ ይዘጋበት ነበር። እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልክ መቶ ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርም መመለስም ተፈቅዷል።

እኛ አዊዎች ይህን ስንሰማ መገረማችን አልቀረም። በእኛ አገር አንድ ፈረስ ያርሳል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ሙሽራ ያጅባል። ጥር 23 ሲደርስ ደግሞ በጌጥ አሸብርቆ እንጅባራ ላይ ይጋልባል። ከሞፈር ወደ ጉግስ ተሻገርህ ብሎ የሚያግደው ማኅበር እስካሁን አልሰማንም።

መምህሩ ቀጥለው «ለመሆኑ ማሞ ወልዴ ኦሊምፒክን በምን እንደ ጀመረ ታውቃላችሁ?» አሉን። ሦስታችንም ባንድ አፍ «በማራቶን ነዋ!» አልን። ሳቁብን። «ሂዱና አንብቡ፤ ከዚያ ስለ ፊርማው እንነጋገራለን» ብለው አሰናበቱን። አነበብን።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ከክቡር ዘበኛ የመጣው የ24 ዓመቱ ማሞ ወልዴ እዚያ የሮጠው 800 ሜትር፣ 1500 ሜትርና የ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። ማራቶን አልሮጠም። ከሦስቱ በአንዱም ከማጣሪያ አላለፈም። ይህን ጮክ ብለን ስናነብ የዳንግላው ልጅ ከአልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያስ? ከዚያማ ነገሩ ቶሎ አልመጣም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ዓለምን ጉድ ሲያሰኝ ማሞ በዚያ ኦሊምፒክ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ብቅ ሲል ርቀቱ ተለውጧል፤ 10,000 ሜትር ሮጦ አራተኛ ወጣ። ከሜዳሊያ በአንድ ደረጃ ጎደለ ማለት ነው። ማራቶኑንም ሞክሮ ነበር፣ አቋርጦ ወጣ። በዚያው ማራቶን ደግሞ አበበ ሁለተኛ ወርቁን አገኘ። እስቲ አስቡት፤ የገዛ ጓደኛው ዓለምን ሁለት ጊዜ ሲያሸንፍ እሱ ገና ርቀቱን እየፈለገ ነው።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣብን። አንዳችን «የሚቀያይር ሰው የትም አይደርስም፤ ይኸው ስምንት ዓመት ሙሉ ምን አገኘ?» አለ። ሌላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጠቀሰ። እሱም ከ10,000 ሜትር ወደ ማራቶን ተሻግሯል፤ በ2001 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመግባት ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። እውነት ነው። ነገር ግን ኃይሌ የተሻገረው ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ በእጁ ይዞ ነው። ማሞ የተሻገረው ባዶ እጁን ነው። እኛ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የምንመስለው ኃይሌን አይደለም።

ወደ ሜክሲኮ እንሂድ። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ነው። ከቆላ አገር የመጡ ሯጮች በአየሩ መሳሳት ብዙ ተቸግረዋል። ዳንግላ ከዚያ በጥቂት ብቻ ዝቅ ትላለች፤ የእኛዋ እንጅባራ ጭራሽ ትበልጠዋለች። ጠዋት ጠዋት በብርድ እየተንቀጠቀጥን ወደ ክፍል ስንሮጥ ከኦሊምፒኩ ሜዳ በላይ እየሮጥን ነው ማለት ነው! (ትንፋሻችን ግን ይህን አይመሰክርም።)

ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ 10,000 ሜትር ሮጠ። ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሰከንድ ገባ። ማሞ በ29 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ። ከ25 ዙር በኋላ የለያቸው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነገር ነው። የድሮው 800 ሜትር ሯጭ በመጨረሻው ፍጥነት መበለጡ እንዴት እንዳንገበገበው መገመት ይቻላል። እኛን ግን ያስደነቀን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በሳምንቱ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ያው ሰው ማራቶን ሊሮጥ ቆመ። ቶኪዮ ላይ ያቋረጠውን ማራቶን ማለታችን ነው። አበበም አብሮት ነበር፤ ግን እግሩን ታሞ ስለ ነበር ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት አደራውን ለማሞ ሰጠው ይባላል። ማሞ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ ሮጦ አንደኛ ሆነ። ሁለተኛው ጃፓናዊ ኪሚሃራ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ማሞ 36 ዓመቱ ነበር።

ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት። ከአንደኛ ክፍል ጀምረን 12ኛን እስክንጨርስ የፈጀብን ጊዜ መሆኑ ነው። የርቀቱን ልዩነትማ እኛ የሒሳብ ተመዳቢዎች አሰላነው፤ 42,195 ለ800 ሲካፈል ከ52 ይበልጣል።

በዚህም አላቆመም። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ፤ ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8.4 ሰከንድ ነበር። አበበ ሮም ላይ ካሸነፈበት በስምንት ሰከንድ ገደማ ይፈጥናል። ሁለቱም ሩጫ የተደረገው በአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን ያስተዋለው አማርኛ የደረሰው ጓደኛችን ነው።

የማሞ ኑሮ ሁሉ ግን በሜዳሊያ አላለቀም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በቀይ ሽብር ወንጀል ተከሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ፤ ክሱን አልተቀበለም። በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈረደበትና በታሰረበት ጊዜ ታስቦለት ተፈታ። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ አረፈ። ይህን ገጽ ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ስለ አበበም ሳንናገር አናልፍም። እሱ የተሻገረው ወዶ አይደለም። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል በተባለው የአካል ጉዳተኞች ውድድር፣ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚነዳ መንሸራተቻ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። በረዶ ላይ! የሰሜን ሸዋ ልጅ!

ሐሙስ ማታ እንደገና ተከራከርን። የማሞ ታሪክ መስክ ቀይሩ ይላል ወይስ የደረሳችሁን ያዙ ይላል? ሁለቱንም ያስብላል። ማሞ ርቀቱን ለወጠ፣ ሩጫውን ግን አልተወም። የእኛ ሩጫ የትኛው ነው ታዲያ? ሒሳቡ ነው ወይስ ማስተማሩ? «እኔ ስፖርት የሞላሁት ልጆች ሜዳ ላይ እንዳይሰለቹ ነበር» አለ የዳንግላው ልጅ። ቆይቶም «በሒሳብ ክፍልማ ሲሰለቹ አይቻለሁ፤ እኔም ሰልችቼ ነው ያደግሁት» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። የዙር ሰዓቶችን በወረቀት ጽፎ ለአምስተኛ ክፍል የሚሆን የማካፈል ጥያቄ ሲሠራ አመሸ። ሁለት ጥያቄዎች ላይ ራሱ ተሳስቶ አረምንለት።

ዓርብ ከሦስቱ ቅጾች አንዱ ገባ። ያስገባው ጓደኛችን እግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ እንዲፈቀድለት ከልብ እንመኛለን። መምህሩም ፈርመውለታል። አንዱ ቅጹን ባዶውን መለሰ። የዳንግላው ልጅ ቅጽ ግን አሁን ይህን ጽሑፍ ያረቀቅንበት ወረቀት ነው፤ ጀርባው ንጹሕ ስለ ነበር። እሱ ራሱ እዚህ የለም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ሮጧል፤ 800 ሜትሩን ትቶ አሥር ኪሎ ሜትር እሞክራለሁ ብሏል። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው፤ ገመዱ ተፈቷል።