ግማሹ መጽሐፍ

እኔ የተወለድሁት በቡታጅራ ነው። ቤታችን ከገበያው አጠገብ ነበረ፤ በስተ ምዕራብም የዘቢዳር ተራራ ይታየን ነበር። በ1963 ዓ.ም. የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ማንበብን ገና ለምጄ ነበርና ዓይኔ ያረፈበትን ጽሕፈት ሁሉ ሳላነብ አላልፍም ነበር። የከረሜላ ልባስ፥ የክብሪት ሣጥን፥ በጭነት መኪና ጎን የተጻፈ ስም፥ ይህ ሁሉ ለእኔ መጽሐፍ ነበረ። እውነተኛ መጽሐፍ ግን በቤታችን አልነበረም።

አንድ ቀን እናቴ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ገዝቼ እንድመጣ ላከችኝ። ባለ ሱቁ ሽማግሌ ነበሩ። ኮረሪማውን ከሰፈሩ በኋላ በአጠገባቸው ካለው መጽሐፍ አንድ ቅጠል ቀደዱና እንደ ጡሩንባ ጠቅልለው ሰጡኝ። እኔም በመንገድ ላይ ጥቅሉን እያዞርሁ አነበብሁት። አወቀ ስለሚባል አንድ ወጣት ይናገር ነበር። ነገር ግን ቅጠሉ ከአንድ ነገር መካከል ይጀምርና ከሌላ ነገር መካከል ያልቃል። ስለዚህ ኮረሪማውን ለእናቴ ሰጥቼ ወረቀቱን እንደ ያዝሁ እየሮጥሁ ወደ ሱቁ ተመለስሁ።

«ጋሼ፥ ያንን መጽሐፍ ለእኔ ይሽጡልኝ» አልኋቸው።

«እኔ በሚዛን የገዛሁት ነው። አንተ ከወሰድኸው እኔ ቅመሙን በምን እጠቀልላለሁ?» አሉኝ።

ይህ ነገራቸው እውነት ስለ ሆነ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ወደ ቤት ሄጄ ግን ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደብተሮቼን ሁሉ ሰብስቤ አመጣሁ። እርሳቸውም ሣቁና ሚዛኑን አነሡ። በአንዱ ሳሕን ደብተሮቼን፥ በሌላው መጽሐፉን አደረጉ። የእኔ ስለ ከበደ ለትርፉ አንድ ከረሜላ ጨመሩልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ መጻሕፍት ገዝቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጥሩ ገበያ ግን ደግሞ አላገኘሁም።

ባለ ሱቁ ይቀድዱ የነበረው ከፊት ጀምረው ስለ ነበረ የመጽሐፉ መጀመሪያ አልቆ ነበር፤ ስሙና የደራሲው ስምም የለም። የቀረውን ደጋግሜ አነበብሁት። አወቀ የተጉለት ልጅ ነው፤ በፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ ተመልሷል። አባቱ በሞተ ጊዜ ዘመዶቹ ትልቅ ተዝካር ይደገስ ሲሉት እርሱ አይሆንም ይላል። ከተመለሰ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ዐወቅሁ፤ እንዴት እንደ ሄደ ግን ተቀድዶ በጠፋው ቅጠል ላይ ቀርቷል። አንድ የገጠር ልጅ ከመንደሩ ወጥቶ እስከ ፓሪስ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ይህ ነገር የአወቀ ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ጕዳይ ነበረ። አባቴ ሞቶ ነበርና ከአራተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴን ትቼ ከአጎቴ ጋር ወደ አዲስ አበባ ለንግድ እንድሄድ በቤታችን ይመከር ነበር።

የጠፉት ቅጠሎች ከቅመም ጋር በከተማው ቤቶች ሁሉ ተበትነው ነበር። ምናልባት የአወቀን መንገድ ያነበበች አንዲት እናት በርበሬዋን ስትፈታ አግኝታው ይሆናል። እኔም በየጎረቤቱ እየዞርሁ ለመንሁ። ሁለት ቅጠል ብቻ አገኘሁ። አንደኛው የጠርሙስ ውታፍ ሆኖ ነበር፤ ሁለተኛው ቅቤ ጠጥቶ እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፍ ነበር። የቀረውን ራሴ ፈጠርሁና ማታ ማታ ለእኅቶቼ እነግራቸው ጀመር። አወቀን አንድ ጊዜ በበቅሎ፥ አንድ ጊዜ በጅቡቲ ባቡር ሰደድሁት። እናቴ በምድጃው አጠገብ ሆና ትሰማ ነበር። የትምህርቱ ነገር እንዴት እንደ ተወሰነ እኔ አላውቅም፤ ነገር ግን በሚቀጥለው መስከረም አጎቴ ብቻውን ሄደ።

የስድስተኛ ክፍል መምህሬ መጽሐፉን ባዩ ጊዜ ወዲያው ዐወቁት። «ይህ በ1925 ዓ.ም. የታተመው አዲስ ዓለም ነው፤ ደራሲውም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው» አሉኝ። ኋላ እንደ ተማርሁት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ራሳቸው መጽሐፍ ፈላጊ ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር ጽፈው አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ዝርዝሩን አስፍተው እንደ ገና አወጡት። ወደ አውሮፓና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደዋል፤ በ1924 ዓ.ም. እስከ ጃፓን ደርሰው ያዩትን በመጽሐፍ ጻፉ። እኔ ይህን ሰው ወደድኋቸው። ብዙ ሰው ያለውን ገንዘብ ይቈጥራል፤ እርሳቸው ግን አገራቸው ያላትን መጽሐፍ ቈጠሩ።

ከዚህ በኋላ እኔም መምህር ሆንሁ። ደመወዜ ትንሽ ነበረ፤ ቢሆንም በዕረፍት ወራት ሁሉ መጽሐፍ ፍለጋ እሄድ ነበር። ከቡታጅራ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ በቡኢ አልፎ ወደ ጢያ ይደርሳል፤ ከዚያም በመልካ ቍንጥሬ አዋሽን ተሻግሮ በዓለም ገና በኩል ይገባል። በጢያ ጥንታውያን ድንጋዮች ቆመዋል፤ ቍጥራቸው 36 ነው፤ በብዙዎቹም ላይ ጎራዴና ሌላ ምልክት ተቀርጿል። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። የብዙዎቹ ምልክቶች ትርጕም እስከ ዛሬ በርግጥ አልተፈታም። እኔም በዚያ ባለፍሁ ቍጥር፥ መጽሐፉ እያለ ማንበብ ያልቻልሁት ይህ ብቻ ነው እያልሁ እሄዳለሁ።

በአዲስ አበባ በመርካቶና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ አዟሪዎች ነበሩ። መጻሕፍቱን በክንዳቸው ላይ ከወገብ እስከ አገጭ ደርድረው ይሄዳሉ። ከእነርሱ ብዙ ተማርሁ። አሮጌ መጽሐፍ ሲገዛ ሽፋኑ ሊያታልል ይችላልና አስቀድሞ የመጨረሻውን ቅጠል ማየት ይገባል። ከዚያ በኋላ የታተመበትን ዓመትና ማተሚያ ቤቱን ማየት ነው፤ በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው በብርሃንና ሰላም የታተሙት ብዙ ናቸው። ምስጥ የበላው መጽሐፍ ሲነኩት ዱቄት ይወርደዋል፤ እንዲህ ያለውን ከሌሎች ጋር በአንድ ሣጥን ማኖር አይገባም። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የምወደው የቀድሞ ባለቤቶች በኅዳጉ የጻፉትን ነው። አንዱ የብድር ሒሳቡን፥ ሌላው ልጁ የተወለደችበትን ቀን ጽፎ ይገኛል።

አንዳንድ መጽሐፍ ደግሞ ከቤት ተነሥቶ ባሕር ማዶ ይፈለጋል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የተባሉት የጉራጌ ተወላጅ ደራሲ ስለ ሺነጋ መንደር በቸሃ ቋንቋ መጽሐፍ ጻፉ። ዎልፍ ሌስላው የተባሉት የቋንቋ ሊቅ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐሙትና በ1964 በፈረንጅ አቈጣጠር በአሜሪካ ታተመ። የቸሃ አገር ከቡታጅራ ከተራራው ማዶ ነው። እኔ ግን የጎረቤቴን መንደር ታሪክ መጀመሪያ ያየሁት በእንግሊዝኛ፥ ከውጭ አገር በመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ነው። እንዲያነብብኝ ለምኜው አንድ ሌሊት አዋሰኝ።

ወደ አገራችን መጥተው መጻሕፍት የሰበሰቡ መንገደኞችም ብዙ ናቸው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1770 በፈረንጅ አቈጣጠር ጎንደር ገባ። ሲመለስም በአውሮፓ ሙሉው ጠፍቶ የነበረውን መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1838 እስከ 1848 በአገራችን እየተዘዋወረ አንዳንዱን በመግዛት፥ አንዳንዱንም በማስገልበጥ ብዙ የብራና መጻሕፍት አከማቸ፤ በ1859 ባሳተመው ዝርዝር 234 ቈጥሯል። ዛሬ በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በመቅደላ የሆነው ግን ግዥም ግልባጭም አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በ1860 ዓ.ም. እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘረፈው፤ 350 ያህሉም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። ዐፄ ዮሐንስ ስለ ክብረ ነገሥት በጻፉት ደብዳቤ ያ አንዱ መጽሐፍ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በቍጣ አስተምር ነበር። የእኔ ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ክረምት ወደ ጎጃም ሄጄ በአንዲት ትንሽ ከተማ አደርሁ። መጽሐፍ እንደምፈልግ ቀን በገበያ ጠይቄ ስለ ነበረ ሌሊት አንድ ወጣት በሬን አንኳኳ። ከጋቢው ውስጥ የብራና ዳዊት አወጣ። ማኅደሩ ያረጀ፥ ጽሕፈቱ ግን እንደ ትናንት የጠቈረ ነበረ። በመጨረሻው ቅጠል የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ስፍራ በምላጭ ተፍቋል። አባቶች በዚያ ስፍራ መጽሐፉን የሚሰርቀውንና ጽሕፈቱን የሚፍቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል ይጽፉ ነበር። ውግዘቱም አብሮ ተፍቆ ነበር፤ የቀረው የአንድ ቀይ ፊደል ግማሽ ብቻ ነው።

ለቤቴ ቆርቆሮ መግዣ ያጠራቀምሁት ገንዘብ በኪሴ ነበረ። ዳዊቱን በጕልበቴ ላይ አድርጌ ረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። «እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል፤ እኔ ዘንድ ቢሆን በደኅና ይቀመጣል» እያልሁ በልቤ ተከራከርሁ። ወደ መቅደላ የወጡትም ይህንኑ ሳይሉ አይቀሩም። በመጨረሻ መልሼ ሰጠሁት፤ እርሱም ምንም ሳይናገር ሄደ። በዚያች ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ ገንዘቤም ንጽሕናዬም አልተነካም። ጧት በነቃሁ ጊዜ ግን ለቀበሌ ወይም ለደብሩ ሰዎች ወዲያው መናገር ይገባኝ እንደ ነበረ አሰብሁ። ብጠይቅም ወጣቱን የሚያውቀው ሰው አልተገኘም። የጥንት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በሚከለክለው፥ በ1992 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ላይ ንግግር ባደረግሁ ጊዜ እንኳ፥ ያ ግማሽ ቀይ ፊደል በዓይኔ ላይ ነበረ። ዳዊቱ ዛሬ የት እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል። እጄን ሰብስቤ መተኛቴ ብቻውን መልካም ሥራ ነው ብዬ ለማንም ልነግር አልችልም።

ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ.ም. በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ አንድ አዟሪ ከክምሩ ውስጥ አዲስ ዓለምን ሙሉውን አወጣልኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የፈለግሁት ነበረና እጄ ተንቀጠቀጠ። ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልሁ። በአውቶቡስ ተሳፍሬ የመጀመሪያውን ቅጠል ስገልጥ ግን ሰማያዊ ክብ ማኅተም አየሁ፤ የአንድ ሩቅ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ነበረ። አዟሪው ከየት እንዳመጣው ጠይቄው «በሚዛን ገዝቼው ነው» ብሎኝ ነበር።

አወቀ እንዴት ወደ ፓሪስ እንደ ሄደ በዚያው መንገድ ላይ አነበብሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ ለእኅቶቼ የፈጠርሁት ከዚያ ይረዝም ነበር። ጢያ ስንደርስ መጽሐፉን ለመመለስ ወስኜ ነበር፤ መልካ ቍንጥሬ ላይ ግን ገና አልወሰንሁም ነበር።

ቤት እንደ ደረስሁ የጎደለኝን ክፍል በእጄ መገልበጥ ጀመርሁ። ዐሥራ አንድ ሌሊት ፈጀብኝ። ጣቴ አበጠ፤ ሦስት ጊዜም መሥመር ዘልዬ እንደ ገና ጻፍሁ። የብራና ጸሓፊዎችን ያከበርሁት ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት ሁለት ቀን ተጕዤ መጽሐፉን ወደ ትምህርት ቤቱ አደረስሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ አንዲት እናት ነበሩ። መዝገቡን ገልጠው በ1961 ዓ.ም. የተዋሰ ተማሪ ስም አገኙ፤ በስሙ ትይዩም «ተመለሰ» ብለው ቀኑን ጻፉ። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«የመዘግየቱን ቅጣት ማን ይክፈል ልጄ?» አሉኝ። ሁለታችንም ሣቅን፤ ቡና አፈሉልኝ።

አሁን በቤቴ ያለው አዲስ ዓለም ግማሹ የእጅ ጽሕፈት፥ ግማሹ ማተሚያ ነው። ኮረሪማ የተጠቀለለበትን ቅጠል፥ ውታፍ የነበረውንና ቅቤ የጠጣውን በየስፍራቸው አድርጌ በአንድነት ጠርዤዋለሁ። የጎረቤት ልጆች ሊያነቡ ሲመጡ አስቀድመው የሚሹት ያንን የቅቤ ቅጠል ነው። ወደ መስኮቱ ያነሡታል፤ በሁለቱም ገጽ ያለው ፊደል ባንድ ጊዜ ይታያቸዋል፤ የትኛው የፊት፥ የትኛው የኋላ እንደ ሆነም እየተከራከሩ ያነባሉ።